ቬይል-ፌሊክስ፦ ተስቦን በሴረም ጠብታ መፈለግ

ጎንደር ውስጥ ትኩሳት ይዞት ከጤና ጣቢያ የተመለሰን ሰው ምን ተባልክ ብትሉት ብዙ ጊዜ «ታይፎይድና ታይፈስ ተገኘብኝ» ይላል። ሁለቱን በሽታዎች ግን ምንም አያዛምዳቸውም። ታይፎይድ በምግብና በውሃ ይገባል፤ የወረርሽኝ ታይፈስን፣ ማለትም ተስቦን፣ የምታስተላልፈው የልብስ ቅማል ናት።

የተስቦ ባክቴሪያ ሪኬትሲያ ፕሮዋዜኪ ይባላል። ስሙ የተወሰደው ይህንኑ በሽታ ሲያጠኑ በበሽታው ከሞቱት ከሪኬትስና ከፕሮዋዜክ ነው። ከሕያው ሴል ውጭ ስለማይራባ እንደ ሌሎቹ ባክቴሪያዎች በላብራቶሪ ሳህን ላይ አይበቅልም። በተለመደው የደም ምርመራም በማይክሮስኮፕ አይታይም።

ስለዚህ የሚፈለገው ዱካው ነው። ኤድሙንድ ቬይልና አርተር ፌሊክስ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዘመን ከተስቦ ታማሚ ሽንት ፕሮቲየስ የተባለ ባክቴሪያ አገኙ። ፕሮቲየስ ተስቦን አያመጣም፤ የታማሚዎቹ ሴረም፣ ማለትም ከደማቸው የተለየው ፈሳሽ፣ ሲነካው ግን ይጓጉላል። ሰውነት ለሪኬትሲያ ያዘጋጀው ፀረ እንግዳ አካል እሱንም ይይዘዋልና። ዛሬም ባለሙያው የሴረም ጠብታን ኦኤክስ 19 ከሚባለው ፕሮቲየስ ጋር ስላይድ ላይ ቀላቅሎ ያወዛውዛል፤ ከጓጎለ «ሪአክቲቭ» ብሎ ይጽፋል።

ቬይል-ፌሊክስ የሚባለው ይህ ምርመራ ርካሽና ፈጣን ነው፤ ለብቻው ግን ፍርድ ሊሰጥበት አይገባም። ፀረ እንግዳ አካሉ እስኪወጣ አንድ ሳምንት ገደማ ስለሚፈጅ፣ በሦስተኛው ቀን የመጣ የተስቦ ታማሚ ነጻ ሊባል ይችላል። በፕሮቲየስ የሽንት ኢንፌክሽን የተያዘ ሰው ደግሞ ተስቦ ሳይኖርበት ተስቦ አለብህ ሊባል ይችላል። ይበልጥ የሚታመነው ኢሚዩኖፍሎረሰንስ የተባለው ምርመራ ሲሆን፣ በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ ደም ተወስዶ የፀረ እንግዳ አካሉ መጠን አራት እጥፍ ማደጉ ይታያል። ታማሚው እስከዚያ አይጠብቅም፤ ሐኪሙ ከጠረጠረ ዶክሲሳይክሊን ወዲያው መጀመር አለበት።

በደባርቅና በዳባት ብርድ፣ ልብስ ተደራርቦ በሚለበስበትና ብዙ ሰው ተጠጋግቶ በሚያድርበት ቤት፣ ያቺው ተስቦን የምታስተላልፈው የልብስ ቅማል የትኩሳት ግርሻንም ታመጣለች። የግርሻን ጠመዝማዛ ባክቴሪያ ግን በትኩሳቱ ሰዓት የደም ስላይድ በግልጽ ያሳያል። ከቬይል-ፌሊክስ በፊት ይህ ስላይድ ቢታይ እመርጣለሁ፤ ወባም ካለ አብሮ ይገኛል። የግርሻ ታማሚ መድኃኒቱን በወሰደ በሰዓታት ውስጥ ብርቱ ብርድ ብርድ ሊለውና የደም ግፊቱ ሊወርድ ስለሚችል አልጋ ይዞ ሊጠበቅ ይገባዋል። ልብሱም በፈላ ውሃ ይታጠብ፤ ቅማል ትኩሳት ያጋለውን ገላ ትታ ጤነኛውን ትፈልጋለች።