«የአሜሪካ ሕልም» ዛሬም ይደረስበት ይሆን?

በደሃ ቤተሰብ ውስጥ የተወለደ ሕፃን በጥረቱና በችሎታው ከወላጆቹ የተሻለ ኑሮ ላይ ይደርሳል የሚለው እምነት አሜሪካውያን ስለ አገራቸው ካላቸው አመለካከት ሁሉ ጎልቶ የሚታወቅ ነው። እምነቱ «የአሜሪካ ሕልም» የሚል መጠሪያ ከተሰጠው ረጅም ዘመን ተቆጥሯል። ሕልሙ ዛሬም እውን የሚሆን ነው ወይስ ያለፈ ታሪክ ሆኗል የሚለው ጥያቄ ግን በአገሪቱ ምሁራንና ፖለቲከኞች ዘንድ ማከራከሩን ቀጥሏል።

ስያሜውን በሰፊው ያስተዋወቁት የታሪክ ጸሐፊው ጄምስ ትረስሎ አዳምስ ሲሆኑ፣ ይህንንም ያደረጉት እ.ኤ.አ በ1931 ባሳተሙት የአሜሪካ ታሪክ መጽሐፍ ነው። ወቅቱ አገሪቱ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት የተመታችበት ነበር። እንደ ጸሐፊው አገላለጽ ሕልሙ የመኪናና የከፍተኛ ደመወዝ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ይልቁንም ማንኛውም ሰው የተወለደበት ሁኔታ ሳይገድበው አቅሙ እስከፈቀደለት ድረስ የሚያድግበትና በሌሎች ዘንድ የሚከበርበት ማኅበራዊ ሥርዓት ማለት ነው።

ሕልም በአሃዝ የሚለካ ባይመስልም የሕልሙን አንድ ገጽታ መለካት ተችሏል። በኢኮኖሚ ተመራማሪው ፕሮፌሰር ራጅ ቼቲ የተመራ ቡድን እ.ኤ.አ በ2017 ይፋ ያደረገው ጥናት የልጆችን ገቢ ወላጆቻቸው በተመሳሳይ ዕድሜ ከነበራቸው ገቢ ጋር የዋጋ ንረትን ከግምት በማስገባት አነጻጽሯል። በዚህም መሠረት እ.ኤ.አ በ1940 ከተወለዱት መካከል ወደ 90 በመቶ የሚጠጉት በ30 ዓመታቸው ከወላጆቻቸው የበለጠ ገቢ ነበራቸው። እ.ኤ.አ በ1980 ከተወለዱት መካከል ግን ለዚህ የበቁት 50 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው።

ለዚህ ማሽቆልቆል ምክንያቱ የኢኮኖሚው ዕድገት መቀዛቀዝ ብቻ ነው የሚለውን አስተሳሰብ ጥናቱ አይደግፈውም። በ1980 የተወለደው ትውልድ የቀድሞው ዘመን ፈጣን ዕድገት ቢኖረው፣ የሀብት ክፍፍሉ ግን አሁን ባለበት ቢቀጥል፣ ከወላጆቹ የሚበልጠው ድርሻ ከፍ ሊል የሚችለው ወደ 62 በመቶ ነው። በአንጻሩ የተመዘገበው ዕድገት በ1940 ለተወለደው ትውልድ በተዳረሰበት መጠን ለሁሉም ቢዳረስ ኖሮ ድርሻው 80 በመቶ ይደርስ ነበር። በመሆኑም የችግሩ ዋነኛ መንስኤ የዕድገቱ ፍሬ የሚከፋፈልበት መንገድ መሆኑን መረዳት ይቻላል።

ሕልሙ ለብዙኃኑ ቀርቦ የነበረበት ዘመንም በአጋጣሚ የተፈጠረ አልነበረም። እ.ኤ.አ በ1944 የወጣው የቀድሞ ወታደሮች መቋቋሚያ ሕግ ከጦርነቱ ለተመለሱ ዜጎች የትምህርት ወጪያቸውን የሸፈነ ሲሆን፣ በመንግሥት ዋስትና የቤት መግዣ ብድርም አስገኝቷል። በ1950ዎቹ ከሠራተኛው ሲሶ ያህሉ በሠራተኛ ማኅበራት ታቅፎ በደመወዙ ላይ ይደራደር ነበር። በአሁኑ ወቅት ይህ ድርሻ ወደ 10 በመቶ ገደማ ወርዷል። በፌዴራል ሕግ የተደነገገው ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያም እ.ኤ.አ ከ2009 ጀምሮ ከ7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ፈቅ አላለም፤ በርካታ ክፍለ ግዛቶች ግን በራሳቸው ሕግ ከዚህ የላቀ ክፍያ ደንግገዋል።

ይሁንና ያ ዘመን ለሁሉም እኩል አልነበረም። የ1944ቱ ሕግ በጽሑፍ የዘር ልዩነት ባያደርግም አፈጻጸሙ ለየአካባቢው ባለሥልጣናትና ባንኮች የተተወ በመሆኑ፣ በተለይ በደቡብ ክፍለ ግዛቶች የሚኖሩ ጥቁር የቀድሞ ወታደሮች ከጥቅሙ በእጅጉ ተገልለዋል። በቤት ሽያጭና ኪራይ ላይ የሚደረግ የዘር መድልዎ በፌዴራል ሕግ የተከለከለው እ.ኤ.አ በ1968 ነው። የዚያ መገለል ውጤት እስከ ዛሬ የዘለቀ ሲሆን፣ ከነጭ አባወራዎች ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት የቤት ባለቤት ሲሆኑ የጥቁሮቹ ድርሻ ግን ግማሽ እንኳ አይሞላም።

ጥናቶቹ ያመላከቱት ሌላው ዓቢይ ጉዳይ የመኖሪያ ስፍራ ወሳኝነት ነው። ሕዝቡ በገቢው ከአምስት እኩል ደረጃ ቢከፈል፣ በዝቅተኛው ደረጃ ካለ ቤተሰብ የተወለደ ልጅ ወደ ከፍተኛው ደረጃ የመውጣት ዕድሉ በአገር አቀፍ ደረጃ 7.5 በመቶ መሆኑን እ.ኤ.አ በ2014 ይፋ የሆነው የቼቲና የባልደረቦቻቸው ጥናት ያስረዳል። ይህ አማካይ አሃዝ ግን ሰፊ ልዩነትን ይሸፍናል። በካሊፎርኒያዋ ሳን ሆዜ አካባቢ ዕድሉ 12.9 በመቶ ሲሆን በሰሜን ካሮላይናዋ ሻርሎት ግን 4.4 በመቶ ብቻ ነበር። ሻርሎት ታላላቅ ባንኮች የከተሙባትና በፈጣን ዕድገቷ የምትታወቅ ከተማ መሆኗ ሲታሰብ፣ የከተማ ማደግና የደሃ ልጅ ማደግ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው በግልጽ ይታያል።

የደሃ ልጆች የተሻለ ዕድል የሚያገኙባቸው አካባቢዎች በአምስት ነገሮች ይመሳሰላሉ። ነዋሪዎቻቸው በዘርና በገቢ ተለያይተው የሰፈሩ አይደሉም፤ የገቢ ልዩነታቸው ጠባብ ነው፤ የተሻሉ ትምህርት ቤቶች አሏቸው፤ የነዋሪዎች ማኅበራዊ ትስስር የጠነከረ ነው፤ በሁለት ወላጆች የሚያድጉ ልጆችም ይበዛሉ። የአካባቢን ተጽዕኖ ይበልጥ ያረጋገጠው ደግሞ መንግሥት በ1990ዎቹ በባልቲሞር፣ በቦስተን፣ በቺካጎ፣ በሎስ አንጀለስና በኒውዮርክ ያካሄደው ሙከራ ነው። በዕጣ ተመርጠው የኪራይ ድጋፍ በማግኘት ድህነት ወዳልበረታባቸው ሰፈሮች ከተዛወሩ ቤተሰቦች መካከል፣ ዕድሜያቸው 13 ዓመት ሳይሞላ የተዛወሩት ልጆች አድገው ያገኙት ገቢ ካልተዛወሩት በ31 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ከዚያ ዕድሜ በኋላ የተዛወሩት ግን ይህን ጥቅም አላገኙም።

በሌላ በኩል ወደ መካከለኛው መደብ መሻገሪያ የነበሩት ኮሌጅና የራስ መኖሪያ ቤት ከቀድሞው ይልቅ ብዙ ወጪ የሚጠይቁ ሆነዋል። የፌዴራል የተማሪዎች ብድር ዕዳ ከ1.6 ትሪሊዮን ዶላር በላይ ደርሷል። እ.ኤ.አ በ2004 ወደ 69 በመቶ ደርሶ የነበረው የቤት ባለቤትነት ምጣኔም ከ2008ቱ የፋይናንስ ቀውስ በኋላ በ2016 ወደ 63 በመቶ ዝቅ ካለ ወዲህ ወደ ቀድሞ ከፍታው አልተመለሰም።

ያም ሆኖ ሕልሙ ሥራውን እንዳላቆመ የሚያሳይ ማስረጃም አለ። የኢኮኖሚ ታሪክ ተመራማሪዎቹ ራን አብራሚትስኪና ሊያ ቡስታን ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ የሚሸፍኑ መረጃዎችን መርምረው፣ የደሃ ስደተኞች ልጆች ተመሳሳይ ገቢ ካላቸው የአገሬው ተወላጆች ልጆች ይልቅ ከፍ ወዳለ ደረጃ እንደሚወጡ አረጋግጠዋል። ለዚህም ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ስደተኞች ሥራና ዕድል ባለባቸው አካባቢዎች መስፈራቸው ሲሆን፣ ሌላው ወላጆች በአዲሱ አገር የሚያገኙት ገቢ ትክክለኛ ችሎታቸውን የማያንጸባርቅ መሆኑ ነው። ይህ ገለጻ ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች እንግዳ አይሆንም። እ.ኤ.አ ከ1980ው የስደተኞች ሕግ ወዲህ፣ በኋላም በ1990 በወጣው ሕግ በተቋቋመው የዲቪ ዕጣ አማካይነት አሜሪካ ከገቡት ኢትዮጵያውያን መካከል በአገራቸው የተማሩበትን ሙያ ትተው በዋሽንግተንና አካባቢው በታክሲና በመኪና ማቆሚያ ሥራ የተሰማሩ ጥቂት አይደሉም። በእነርሱ ቤት ሕልሙ የሚለካው በወላጆች ደመወዝ ሳይሆን ልጆች በሚደርሱበት ደረጃ ነው።

የሻርሎት ተሞክሮ በዚህ ረገድ ትምህርት ሰጪ ነው። ከተማዋ ከ50 ታላላቅ ከተሞች የመጨረሻውን ደረጃ መያዟ ከታወቀ በኋላ አንድ ግብረ ኃይል ተቋቁሞ በቅድመ መደበኛ ትምህርት፣ በሥራ ዕድልና በቤተሰብ መረጋጋት ላይ ያተኮረ ሪፖርት እ.ኤ.አ በ2017 አቅርቧል። በ2024 በወጣው አዲስ መረጃ ከተማዋ ወደ 38ኛ ደረጃ ከፍ ብላለች። ይሁን እንጂ የተለኩት እስከ 1992 የተወለዱና ግብረ ኃይሉ ሥራውን ሲጀምር ለአካለ መጠን የደረሱ ወጣቶች በመሆናቸው፣ መሻሻሉ የሪፖርቱ ውጤት ነው ሊባል አይችልም። ዛሬ ለሕፃናት የሚወሰን ውሳኔ ፍሬው የሚታየው ከ20 ዓመታት በኋላ፣ ውሳኔውን ያሳለፉት ኃላፊዎች ከሥልጣን ከወረዱ ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው።

ከዚህ ሁሉ በመነሳት የአሜሪካ ሕልም ሞቷል ማለትም ሆነ እንደ ጥንቱ ነው ማለት ትክክል እንዳልሆነ መገንዘብ ይቻላል። ሕልሙ በአንዳንድ ስፍራዎች አሁንም ይደረስበታል፤ በሌሎች ደግሞ ከነጭራሹ ርቋል። ልዩነቱን የሚፈጥረው የልጆቹ ትጋት ብቻ ሳይሆን የሚማሩበት ትምህርት ቤት፣ የሚያድጉበት ሰፈርና የዕድገቱ ፍሬ የሚዳረስበት ሥርዓት ነው። እነዚህ ደግሞ በሕግ፣ በበጀትና በአስተዳደር ውሳኔ የሚሻሻሉ ወይም የሚበላሹ ናቸው።