ዌምብሌይ የሳቀበት ጄፍ ቶማስ ፈረንሳይን በፔዳል አቋረጠ

የክሪስታል ፓላስ የድሮ ደጋፊዎች ጄፍ ቶማስ የሚለው ስም ሲጠራ ሁለት ነገር ትዝ ይላቸዋል። አንደኛው የአምበልነት ጨርቅ ክንዱ ላይ አስሮ ንስሮቹን በኤፍኤ ካፕ ፍፃሜ ወደ ሜዳ የመራበት ቀን ነው። ሁለተኛው ደግሞ በዌምብሌይ ከግብ ጠባቂ ጋር ብቻ ለብቻ ተገናኝቶ የሳታት ኳስ ናት። በዚህች ኳስ እንግሊዝ ለአመታት ስትስቅበት ኖራለች። ሰውየው በህይወቱ ከሰራቸው ስራዎች ትልቁ ግን ከኳስ ጋር ግንኙነት የለውም። ጫማ ከሰቀለ በኋላ፣ ያውም ከሞት አፋፍ ተመልሶ፣ ኮርቻ ላይ ሆኖ የሰራው ነው።

9 ለ 0 ከተሸነፈ ቡድን እስከ ዋንጫ ፍፃሜ

ቶማስ በማንቸስተር የተወለደ አማካይ ተጨዋች ነው። ከትልቅ አካዳሚ አልወጣም። በሮችዴልና በክሩ አሌክሳንድራ በታችኛው ዲቪዚዮን ሲለፋ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1987 ክሪስታል ፓላስ ገባ። አሰልጣኙ ስቲቭ ኮፔል ነበር። ከፊት ኢያን ራይትና ማርክ ብራይት ግብ ያመርታሉ፤ ከመሃል ቶማስ ይሮጣል፣ ይጋፋል፣ ይጮሃል። ሳንባው የማያልቅ የሚባል አይነት ተጨዋች ነበር።

መስከረም 12 ቀን 1989 (እ.ኤ.አ.) ፓላስ አንፊልድ ላይ በሊቨርፑል 9 ለ 0 ተቀጠቀጠ። ያን ዕለት ፓላስ ያገኘውን ፍፁም ቅጣት ምት የሳተውም ራሱ አምበሉ ቶማስ ነበር። ከዚህ ሁሉ ውርደት በኋላ ያ ቡድን የት ይደርሳል ተብሎ ይጠበቃል? ሰባት ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 1990 በቪላ ፓርክ በኤፍኤ ካፕ ግማሽ ፍፃሜ ያንኑ ሊቨርፑል 4 ለ 3 አሸነፈው። በተጨማሪው ሰዓት የማሸነፊያዋን ግብ በጭንቅላት ያስቆጠረው ኋላ አሰልጣኝ ሆኖ የምናውቀው አላን ፓርዲው ነው።

ፍፃሜው ከማንቸስተር ዩናይትድ ጋር ነበር። 3 ለ 3 ተለያዩ። ከጉዳት ተመልሶ ተቀይሮ የገባው ኢያን ራይት ሁለት አገባ። በደጋሚው ጨዋታ ግንቦት 17 ቀን የተከላካዩ ሊ ማርቲን ብቸኛ ግብ ዋንጫውን ለዩናይትድ ሰጠች። አሌክስ ፈርጉሰን በኦልድ ትራፎርድ ያገኘው የመጀመሪያ ዋንጫ ይኸው ነው። የቀያዮቹ ሰይጣኖች የዋንጫ ዘመን ሲጀመር ማዶ ቆሞ በባዶ እጁ የወጣው አምበል እንግዲህ ቶማስ ነበር።

ያቺ ኳስ

በሚቀጥለው የውድድር ዘመን ፓላስ በሊጉ ሶስተኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ቶማስም ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ተጠራ። ዘጠኝ ጊዜ ተሰለፈ። ዘጠነኛውና የመጨረሻው የካቲት 19 ቀን 1992 በዌምብሌይ ከፈረንሳይ ጋር የተደረገው የወዳጅነት ጨዋታ ነው። ያኔ ሚሼል ፕላቲኒ የሚያሰለጥነው የፈረንሳይ ቡድን ለረዥም ጊዜ አልተሸነፈም ነበር። እንግሊዝ 2 ለ 0 አሸነፈች፤ አላን ሺረር በመጀመሪያ ጨዋታው አገባ፣ ጋሪ ሊንከር ደገመ።

ቶማስም ሶስተኛዋን ማግባት ይችል ነበር። ተከላካዮቹን አምልጦ ወጣ፣ ግብ ጠባቂው ወደፊት መጣ፣ ቶማስ በአናቱ ላይ አሳልፋለሁ ብሎ ኳሷን ቆርጦ አነሳት። ኳሷ የሄደችው ግን ወደ ጎል ሳይሆን ወደ ማዕዘን ባንዲራው አቅጣጫ ነበር። ከዚያ በኋላ ለእንግሊዝ አልተሰለፈም። «የአመቱ አስቂኝ ስህተቶች» እየተባለ በሚሸጠው የቪዲዮ ካሴት ዘመን ይቺ ኳስ ደጋግማ ታየች። ወደ ዎልቭስ፣ ወደ ኖቲንግሃም ፎረስት፣ ወደ ባርንስሊ ሲዘዋወርም ቀልዱ ተከትሎት ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2002 በቀድሞ ክለቡ በክሩ ኳስ አቆመ።

«ሶስት ወር»

ጫማ በሰቀለ በአመቱ፣ በ2003 ክረምት፣ ድካም ይሰማው ጀመር። ኳስ ያቆመ ሰው ነው፣ ሰውነቱ ቢከብደው ምን ይገርማል? የደም ምርመራው ግን ሌላ ነገር አመጣ፤ ሉኪሚያ፣ ማለትም የደም ካንሰር። የያዘው ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኪሚያ የሚባለው አይነት ነው። ዕድሜው 38 ነበር። ህክምናው ካልተሳካ የቀረው ጊዜ በወራት የሚቆጠር እንደሆነ ተነገረው፤ ሶስት ወር።

በበርሚንግሃም ኩዊን ኤልሳቤጥ ሆስፒታል ጉዳዩን የያዙት ፕሮፌሰር ቻርሊ ክራዶክ ናቸው። መፍትሔው የስቴም ሴል ንቅለ ተከላ ነበር። ነገሩ ሲነገር ቀላል ይመስላል። በሽተኛው በመጀመሪያ በኃይለኛ መድኃኒት የራሱ መቅኔ እንዲጠፋ ይደረጋል፤ ከዚያ ከለጋሽ የተወሰዱት ሴሎች እንደ ደም በቱቦ ይገቡለታል። አዲሶቹ ሴሎች እስኪለምዱ ድረስ በሽታ የሚከላከልለት አቅም የለውም፣ ተራ ጉንፋን ሊገድለው ይችላል። ለጋሹ ደግሞ መመሳሰል አለበት። ከአንድ እናትና አባት የተወለደ ወንድም ወይም እህት ሙሉ በሙሉ የመመሳሰል ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ቶማስ ቀናው፤ እህቱ ተመሳሰለች። በ2004 መጀመሪያ ላይ ንቅለ ተከላው ተደረገ፣ በ2005 በሽታው ከሰውነቱ ጠፋ ተባለ።

21 ቀን በኮርቻ ላይ

ሌላ ሰው ቢሆን «ተመስገን» ብሎ ቤቱ ይቀመጣል። ቶማስ ግን በህመሙ ወቅት የላንስ አርምስትሮንግን የህይወት ታሪክ አንብቦ ነበር። አሜሪካዊው ብስክሌተኛ ከካንሰር ድኖ ቱር ደ ፍራንስን ደጋግሞ ማሸነፉ ያን ጊዜ ለህመምተኞች ሁሉ ስንቅ ነበር። ቶማስም አሰበና አንድ እብደት የሚመስል ነገር ተናገረ፤ የ2005ን ቱር ደ ፍራንስ ሙሉ መንገድ፣ ፕሮፌሽናሎቹ የሚጋልቡትን 21 የዕለት ጉዞ፣ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ በ21 ቀን ሊጋልብ! ምክንያቱ ደግሞ ለሉኪሚያ ምርምር ገንዘብ ማሰባሰብ።

መንገዱ ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከአትላንቲክ ዳርቻ ተነስቶ የአልፕስንና የፒሬኔን ተራሮች ወጥቶ ፓሪስ ይገባል። በአልፕስ ካሉት ቀኖች አንዱ ብቻ ማድሌንን፣ ቴሌግራፍንና ጋሊቢዬን ተራ በተራ ያስወጣል። የጋሊቢዬ አናት 2,642 ሜትር ነው። እንጦጦ ለሚወጣ የአዲስ አበባ ልጅ ከፍታው ብርቅ ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን ዳገቱ በአስር ኪሎ ሜትሮች የሚቆጠር ነው፣ ያውም እግር በሌላ ተራራ ካለቀ በኋላ።

ፕሮፌሽናሉ መንገዱ ይዘጋለታል፣ ከፊቱ ሰባት ስምንት የቡድን ጓደኛ ነፋስ ይቆርጥለታል፣ ማታ የሚያሸው ባለሙያ አለው። በጎ አድራጊው ብስክሌተኛ ከጭነት መኪና ጋር ይጋፋል፣ ቀይ መብራት ይጠብቃል፣ መንገድ ሲጠፋበት ይመለሳል። ስለዚህ ሚስጥሩ ቡድኑ ነው። ከሰው ጀርባ ተጠግቶ የሚጋልብ ሰው ነፋሱን ስለማይጋፈጥ ጉልበቱን ይቆጥባል፤ ፊት ያለው ሲደክም ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ሌላው ይተካዋል። በዳገት ላይ ግን ፍጥነት ስለሌለ ይሄ ዘዴ እምብዛም አይሰራም። እያንዳንዱ የየራሱን ተራራ ይወጣል፤ ቀድሞ የደረሰው አናት ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

ቶማስ ፓሪስ ገባ። ንቅለ ተከላ ከተደረገለት አንድ አመት ተኩል ገደማ ነበር። ከ150 ሺህ ፓውንድ በላይ ተሰበሰበ። በዚያው አመት መጨረሻ ቢቢሲ በችግር ላይ ለበረቱ ስፖርተኞች የሚሰጠውን የሄለን ሮላሰን ሽልማት ወሰደ። በኳስ ዘመኑ ኤፍኤ ካፕን ሳያነሳ የቀረው ሰው በብስክሌት ተሸለመ።

አርምስትሮንግ መጣ… ጭቅጭቁም መጣ

ጉዞው በአንድ ጊዜ አላበቃም። በ2015፣ በ50 አመቱ፣ ቶማስ አንድ ሚሊዮን ፓውንድ ለማሰባሰብ አቅዶ ሌሎች አማተሮችን ይዞ ተመለሰ። ዘዴው ፕሮፌሽናሎቹን በአንድ ቀን ቀድሞ መጋለብ ነው፤ እነሱ ዛሬ የጨረሱትን ሻምፒዮኖቹ ነገ ይጀምሩታል። ያ ቱር ኤርትራዊው ዳንኤል ተክለሃይማኖት ነጭ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ያለበትን የተራራ ንጉሥ ማሊያ የለበሰበት መሆኑም ይታወሳል።

ቶማስ ታዲያ አንድ እንግዳ ጋበዘ፤ ላንስ አርምስትሮንግን።

በዚህ ጊዜ አርምስትሮንግ የድሮው አርምስትሮንግ አይደለም። በ2012 ሰባቱም የቱር ደ ፍራንስ ድሎቹ ተሰርዘዋል፣ ለዕድሜ ልክ ታግዷል። በጥር 2013 በኦፕራ ዊንፍሬይ ፕሮግራም ላይ አበረታች መድኃኒት መጠቀሙን ራሱ አምኗል። የዓለም ብስክሌት ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የነበሩት ብሪያን ኩክሰን ሐሳቡን አጥብቀው ተቃወሙ፤ ለቱሩም ሆነ አበረታች መድኃኒትን ለሚታገሉ ሁሉ ንቀት ነው አሉ። ክልከላ ማውጣት ግን አልቻሉም፤ የበጎ አድራጎት ጉዞ ፌዴሬሽኑ የሚያዘው ውድድር አይደለም። አርምስትሮንግ መጣ፣ ከሙሬ እስከ ሮዴዝ፣ ከሮዴዝ እስከ ማንድ ሁለት ቀን ጋለበ። ጋዜጠኞች ጎረፉ።

ትክክል ነበር ወይስ ስህተት? የተቃዋሚዎቹ ነገር ሚዛን ይደፋል። ውሸታም የተባለ ሰው በካንሰር በሽተኞች ስም ወደ ቱሩ መንገድ ሲመለስ ራሱን ማጠቢያ ሊያደርገው ይችላል። በሌላ በኩል ቶማስ የሚያስበው ስለ ብስክሌት ንፅህና አልነበረም። የያዘው ሂሳብ ቀላል ነው፤ ካሜራ ካልመጣ ወሬ የለም፣ ወሬ ከሌለ ገንዘብ የለም፣ ገንዘብ ከሌለ አልጋ ላይ ያለው ሰው መድኃኒቱን አይሞክርም። በ2003 እሱን አልጋው ላይ ያበረታው መፅሐፍ የውሸት ድል ያለበት ሆኖ ቢገኝም ብርታቱ እውነተኛ ነበር። ይህን ለማስረዳት ከሱ የተሻለ ምስክር የለም።

አንድ ነገር ግን መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ከአርምስትሮንግ ላይ የተነጠቁት ድሎች ለሌላ አልተሰጡም። ስለዚህ የ2005 ቱር ደ ፍራንስ ዛሬ በይፋ አሸናፊ የለውም። በዚያ መንገድ ላይ በዚያው አመት የተሰበሰበው የሉኪሚያ ገንዘብ ግን አልተሰረዘም።

ገንዘቡ የት ይገባል?

አዲስ አበቤ ነገሩን ያውቀዋል። ከ2001 ጀምሮ በሚካሄደው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ጎን ለጎን ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ይሰበሰባል። በረዥም የብስክሌት ጉዞም እንዲሁ ነው፤ ጋላቢው ላቡን ያወጣል፣ ዘመድ፣ ጓደኛና የስራ ባልደረባ ደግሞ ኪሱን ይፈትሻል። መቶ ኪሎ ሜትር ለሚጋልብ አስር ፓውንድ የሚሰጥ ሰው ሶስት ሺህ ኪሎ ሜትር ሲሰማ ያፍርና ይጨምራል።

ቶማስ የሚያግዘው ኪዩር ሉኪሚያ የተባለው ድርጅት የተቋቋመው እሱ በታመመበት በ2003፣ እሱ በታከመበት በበርሚንግሃም ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ ፕሮፌሰር ክራዶክ ናቸው። ገንዘቡ በብዛት የሚውለው በአዳዲስ መድኃኒቶች ሙከራ ላይ በሽተኞችን ለሚከታተሉ ነርሶች ነው። ለምን ነርስ? መድኃኒቱ ቢኖርም፣ ሐኪሙ ቢኖርም፣ ሙከራውን ቀን በቀን የሚመዘግብና የሚከታተል ነርስ ከሌለ ሆስፒታሉ ሙከራውን መጀመር አይችልም። በሽተኛው ደግሞ ጊዜ የለውም።

ከዚያ ወዲህ ጉዞው «ቱር 21» የሚል ስም ይዞ፣ ከ2021 ጀምሮ በቡድን የተደራጁ አማተሮች ከቱሩ ቀደም ብለው ሙሉውን መንገድ እንዲጋልቡ ሆኗል። አንድ ሰው ከጓደኞቹ ጋር የጀመረው እብደት አሁን ተራ የሚጠበቅበት ነገር ነው።

ፓላስስ? ንስሮቹ በ2016 ዳግመኛ ፍፃሜ ደርሰው ዳግመኛ በዩናይትድ ተሸነፉ። ግንቦት 17 ቀን 2025 ግን፣ የቶማስ ቡድን ደጋሚውን ጨዋታ ከተሸነፈ ልክ በ35 አመቱ፣ በዚያው ቀን፣ በኤቤሬቺ ኤዜ ግብ ማንቸስተር ሲቲን 1 ለ 0 አሸንፈው ኤፍኤ ካፑን አነሱ። በ2003 ሶስት ወር ብቻ ቀረህ የተባለው የያኔው አምበል ያችን ቀን በህይወት ሆኖ አየ።