ወለድ የሌለው ሒሳብ በኮድ ሲጻፍ

በአንዋር መስጊድ ዙሪያ ከሚነግዱት ብዙዎቹ ገንዘባቸውን ባንክ ያስቀምጣሉ፤ ወለዱን ግን አይነኩም፤ ሪባ፣ ማለትም ወለድ፣ በእስልምና ሐራም ነውና። ብሔራዊ ባንክ ከወለድ ነፃ አገልግሎትን በመመሪያ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነው ዘምዘም ባንክም በ2021 ሥራ ጀመረ። አብስትራክት ክላስና ኢንተርፌስ የቱ የት እንደሚገባ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

አንድ ፕሮግራመር «ሒሳብ» የሚባል አብስትራክት ክላስ ጻፈ እንበል። ከዚህ ክላስ በቀጥታ ኦብጀክት አይፈጠርም፤ ልጆቹ ግን ውስጡ ያለውን ሁሉ ይወርሳሉ። የሒሳብ ቁጥር፣ የባለቤቱ ስም፣ ቀሪ ገንዘብ፣ ገቢና ወጪ የሚመዘግበው ኮድ እዚያ ቢቀመጥ ተገቢ ነው፤ እነዚህ የሌሉት ሒሳብ የለም። ፕሮግራመሩ ግን ባንክ መቼም ወለድ ያስባል ብሎ የወለድ ስሌቱንም እዚያው ይጨምረዋል። መነሻውን 7 በመቶ ያደርገዋል፤ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2017 ለቁጠባ የወሰነው ዝቅተኛው ወለድ ነው።

ቀጥሎ የወዲዓህ፣ ማለትም የአደራ ሒሳብ ይመጣል። ፕሮግራመሩ የወረሰውን ስሌት ኦቨራይድ አድርጎ ዜሮ እንዲመልስ ያደርገዋል። ለጊዜው ይሠራል። በዓመቱ ሌላ ሰው የሙዳራባ ሒሳብ ሲጨምር ኦቨራይድ ማድረጉን ቢረሳስ? ኮምፓይለሩ ትንፍሽ አይልም። 100,000 ብር ያስቀመጠው ነጋዴ በወሩ መጨረሻ 583 ብር ገደማ ወለድ ገብቶለት ያገኘዋል። በሙዳራባ የሚገባው ግን ከተገኘው ትርፍ አስቀድሞ የተስማሙበት ድርሻ ብቻ ነበር። ይህን እንደ ተራ የኮድ ስህተት ማየት አይገባም፤ የሰውን እምነት የሚነካ ጥፋት ነው።

ስለዚህ ስሌቱ ከወላጁ ይውጣና «ወለድ የሚታሰብበት» የሚባል ኢንተርፌስ ይሁን። ኢንተርፌስ ውል ነው፤ የፈረመው ክላስ ብቻ ይገደድበታል። የተለመደው የቁጠባ ሒሳብ ይፈርማል፣ ወዲዓህና ሙዳራባ አይፈርሙም። የወሩ መዝጊያ ኮድ የሚቀበለው የፈረሙትን ብቻ ከሆነ፣ የወዲዓህን ሒሳብ በስህተት የሰጠ ፕሮግራመር ኮዱ ኮምፓይል አይሆንለትም። ስህተቱ ደንበኛው ዘንድ ሳይደርስ ቢሮ ውስጥ ይያዛል።

ጃቫ 8 እ.ኤ.አ. በ2014 ከወጣ ወዲህ ኢንተርፌስም የተጻፈ ሜተድ መያዝ ስለቻለ ልዩነቱ ጠፍቷል የሚሉ አሉ። አልጠፋም። የእያንዳንዱን ደንበኛ ቀሪ ገንዘብ የሚይዝ ፊልድ ዛሬም ኢንተርፌስ ውስጥ አይገባም።

የኢንተርፌስ ጉልበት ይበልጥ የሚታየው ዝምድና በሌለበት ነው። ሙስሊሞች ከሀብታቸው በግዴታ የሚያወጡትን ምጽዋት፣ ዘካን፣ እንውሰድ። ኒሷብ፣ ማለትም ዘካን ግዴታ የሚያደርገው ዝቅተኛው መጠን፣ ሞልቶ የጨረቃ ዓመት ከዞረበት ጥሬ ገንዘብም፣ ለሽያጭ ከተቀመጠ ሸቀጥም 2.5 በመቶ ይወጣል። መጋዘን ያለ የጨርቅ ጣቃ የ«ሒሳብ» ልጅ ሊሆን አይችልም፤ ቁጥርም ቀሪ ገንዘብም የለውም። «ዘካ የሚታሰብበት» የሚለውን ኢንተርፌስ ግን ከወዲዓህ ሒሳቡ እኩል ይፈርማል፤ የዘካ ማስያውም ሁለቱን በአንድ ዝርዝር ተቀብሎ ይደምራል።