አረጋውያን የሚጨዋወቱበት አዳራሽ እንዴት ይሠራ?

አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ሲታነጽ በቅድሚያ የሚታሰበው ስለ መኝታ፣ ስለ ምግብና ስለ ሕክምና ነው። ይሁን እንጂ ነዋሪዎቹ በአንድ አዳራሽ አብረው ውለው ቃል ሳይለዋወጡ የሚመሹበት ጊዜ አለ። ይህ ዝምታ ብዙውን ጊዜ ከዕድሜ ወይም ከጠባይ እንደመጣ ይቆጠራል። ከምክንያቶቹ አንዱ ግን በአዳራሹ አሠራር ውስጥ የሚገኝና በፊዚክስ ሕግ ሊሰላ የሚችል ነው።

ሮበርት ሶመር የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረባው ሮስ በካናዳ ሳስካችዋን ግዛት፣ በአንድ ሆስፒታል የአረጋውያን ክፍል ያካሄዱት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1958 ታትሟል። ክፍሉ ታድሶና አምሮ ሳለ ነዋሪዎቹ እምብዛም አይነጋገሩም ነበር፤ ወንበሮቹ በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረው ነበርና። ወንበሮቹ በትናንሽ ጠረጴዛዎች ዙሪያ እንዲሆኑ ከተደረገ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጭውውቱ በእጥፍ ገደማ ጨመረ።

ምክንያቱን እንመልከት። ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎች ለመተያየት አንገታቸውን ማዞር አለባቸው፤ ከወዲያ ማዶ የተቀመጡት ደግሞ ይራራቃሉ። በቀጥታ ከተናጋሪው የሚመጣው ድምፅ ጥንካሬው በርቀቱ ስኩዌር መጠን ስለሚቀንስ፣ በ4 ሜትር ርቀት ላይ ያለ አድማጭ የሚደርሰው በ1 ሜትር ላይ ካለው 1/16ኛው ብቻ ነው። በዚህ ላይ እርጅና አስቀድሞ የሚያዳክመው ከፍተኛ ድግግሞሽ ያላቸውን ድምፆች መስማትን ነው። እንደ «ሰ» እና «ፈ» ያሉ ተነባቢዎች በዋናነት የሚለዩት በዚሁ ክልል በመሆኑ፣ አረጋዊው ድምፁን እየሰማ ቃሉን ይስተዋል።

የቀረው ድምፅም ወዲያው አይጠፋም። ከሲሚንቶ ግድግዳና ከሴራሚክ ወለል እየነጠረ የቀደመውን ቃል በተከታዩ ላይ ይደርባል። የፊዚክስ ሊቁ ዋላስ ሳቢን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ባደረገው ምርምር እንዳሳየው፣ ድምፅ በ60 ዴሲቤል እስኪቀንስ የሚወስደው ጊዜ በሰከንድ ሲሰላ 0.16 በአዳራሹ ይዘት (በሜትር ኩብ) ተባዝቶ ለጠቅላላው የመምጠጥ አቅም (በካሬ ሜትር) ሲካፈል የሚገኘው ነው።

ለምሳሌ ርዝመቱ 10፣ ስፋቱ 8፣ ከፍታው 3 ሜትር የሆነ አዳራሽ ይዘቱ 240 ሜትር ኩብ ነው። ጠንካራ ገጽታዎቹ የሚደርስባቸውን ድምፅ 3 በመቶ ብቻ ቢመጡና 20 ሰዎች ቢኖሩበት፣ የመምጠጥ አቅሙ 16 ካሬ ሜትር፣ ጊዜውም 2.4 ሰከንድ ያህል ይሆናል። ኮርኒሱ 70 በመቶ በሚመጥ ነገር ቢሸፈን ግን አቅሙ ወደ 70 ከፍ ይላል፤ ጊዜውም ወደ 0.55 ሰከንድ ይወርዳል።

በግድግዳ ጥግ የተደረደረ ወንበር ለጽዳት ይመቻል፤ ለጨዋታ ግን አይመችም። ወንበሮችን በትናንሽ ጠረጴዛዎች ዙሪያ ለማድረግ የሚጠይቀው ወጪ አነስተኛ ነው፤ ኮርኒሱ ግን ሕንፃው ገና በንድፍ ላይ ሳለ ቢታሰብበት ይመረጣል። ለመነጋገር መድከም የሌለበት ሰው የመነጋገር ፍላጎቱ አብሮት ይቆያል።