የቀለም ፍሳሽን በኤሌክትሮን ማጣራት

ማቅለሚያ ገንዳ ውስጥ የገባ ቀለም ሁሉ ጨርቁ ላይ አይቀርም። በተለይ ለጥጥ በሚውሉት «ሪአክቲቭ» ቀለሞች ከፊሉ ሳይያዝ ይቀርና ከእጥበቱ ውሃ ጋር ይወርዳል። ጨውና ሳሙናም አብረው ይሄዳሉ፤ ከማተሚያው ክፍል ደግሞ የቀለም ማወፈሪያና ዩሪያ ይጨመርበታል። ፋብሪካው ያን ዕለት ቀይ ካቀለመ ፍሳሹ ቀይ ነው፤ ሰማያዊ ካቀለመም ሰማያዊ።

ይህን ፍሳሽ ማጣራት የሚያስቸግረው ቀለሙ ጥሩ ስለሆነ ነው። ፀሐይ እንዳያደበዝዘው፣ ሳሙና እንዳያስለቅቀው ተብሎ የተሠራ ቀለም ለባክቴሪያም በቀላሉ አይበገርም። በኬሚካል አርግቶ ማዝቀጥ ይቻላል፤ ነገር ግን ቀለሙ ከውሃው ወደ ዝቃጩ ተዛወረ እንጂ አልጠፋም።

የኤሌክትሮን አፋጣኝ የሚባለው መሣሪያ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። አየር በሌለው ቱቦ ውስጥ ከጋለ ብረት የሚወጡ ኤሌክትሮኖች እስከ 1 ሚሊዮን ቮልት በሚደርስ ኃይል ይወነጨፋሉ። ከዚያም በስስ የቲታኒየም ቅጠል አልፈው ከሥር በሚፈሰው ውሃ ላይ ያርፋሉ። በዚህ ኃይል ውሃ ውስጥ ዘልቀው የሚገቡት 4 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ በመሆኑ፣ ፍሳሹ በሰፊ አፍ ተገፍቶ ስስ ሆኖ እንዲያልፍ ይደረጋል።

ኤሌክትሮኖቹ በአብዛኛው የሚመቱት ውሃውን ነው። የተሰበረው ውሃ ሃይድሮክሲል የተባሉ፣ ያገኙትን ሁሉ የሚያጠቁ ቅንጣቶችን ይወልዳል። እነሱም በብዙ ቀለሞች ውስጥ ቀለምነትን የሚሰጠውን የሁለት ናይትሮጅን አቶሞች ትስስር ይበጥሱታል፤ ትልቁንም ሞለኪውል ይቆራርጡታል። ቀሪውን ሥራ ባክቴሪያ ይረከባል። ነገሩ ጥርስ ለሌለው ሽማግሌ ገብሱን ፈጭቶ በሶ አድርጎ እንደማቅረብ ነው፤ የኤሌክትሮኑ ጨረር ይፈጫል፣ ባክቴሪያው ይበላል።

ጨረር ሲባል ብዙዎች የሚደነግጡት ውሃው ራሱ ጨረር አመንጪ ይሆናል ብለው ነው። አይሆንም። መሣሪያው የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው፤ ማብሪያው ሲጠፋ ጨረሩም ያበቃል። የ1 ሚሊዮን ቮልት ኤሌክትሮንም የውሃውን አቶሞች ጨረር አመንጪ የማድረግ አቅም የለውም። አደጋው በሥራ ላይ እያለ አጠገቡ ለሚቆም ሰው ነው፤ ኤሌክትሮኖቹ ብረት ሲመቱ ኤክስሬይ ስለሚወጣ መሣሪያው በወፍራም የኮንክሪት ግድግዳ ይታጠራል። በአየሩ ውስጥ የሚፈጠረውንም ኦዞን ማስወጫ ያስፈልገዋል።

ዘዴው ከቤተ ሙከራ ወጥቶ በሥራ ላይ ከዋለ ቆይቷል። በደቡብ ኮሪያ ዴጉ ከተማ ባለው የማቅለሚያ ፋብሪካዎች መንደር እ.ኤ.አ. በ1998 በቀን 1,000 ሜትር ኩብ የሚያጣራ የሙከራ ጣቢያ ተሠራ። ውጤቱ ሲያረካ በ2005 ዓቅሙ ወደ 10,000 ሜትር ኩብ አደገ፤ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲም ድጋፍ ሰጥቷል። ቻይና በ2017 በዠጂያንግ ግዛት ጂንኋ ጀመረች። በ2020 ደግሞ በጓንግዶንግ ግዛት በቀን 30,000 ሜትር ኩብ የሚያስተናግድ፣ በዓይነቱ ትልቁ የተባለ ጣቢያ ሥራ ጀመረ።

ሆኖም ጨረሩ ሁሉን አይፈውስም። በፍሳሹ ውስጥ የሟሟውን ጨው አያወጣም፤ ውሃውን መልሶ ለማቅለሚያ ማዋል የፈለገ ሌላ ማጣሪያ መጨመሩ አይቀርም። የመሣሪያው ዋጋም ከባድ ነው፤ ኤሌክትሪክ ሳይቆራረጥ ይፈልጋል፤ የሠለጠነ ባለሙያም እንዲሁ። ለአንድ አነስተኛ ፋብሪካ አያዋጣም። የሚያዋጣው እንደ ዴጉ ብዙ ፋብሪካዎች ፍሳሻቸውን ወደ አንድ ጣቢያ ሲያመጡ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክም ፋብሪካዎቹ በጋራ የሚጠቀሙበትን፣ ፍሳሽ ወደ ውጭ የማይለቅ የማጣሪያ ጣቢያ ይዞ የተሠራ ነው። እንዲህ ያለ ጣቢያ የሚያቅዱ መሐንዲሶች አማራጮችን ሲያወዳድሩ ጨረርን በስሙ ፈርተው ሊያልፉት አይገባም፤ ዋጋውንና የሚያስቀረውን ዝቃጭ አስልተው ይፍረዱት።