‹‹የማን ልጅ ነህ?›› - ከታፔላው ጀርባ ያለው ማንነት

ለቅሶ ቤት ወይም ሠርግ ላይ ከማናውቀው ትልቅ ሰው አጠገብ ከተቀመጥን ሦስት ጥያቄዎች አይቀሩልንም፡፡ ‹‹የማን ልጅ ነህ? አገርህ ወዴት ነው? ምን ትሠራለህ?›› መልሱን ለመስጠት አንቸገርም፡፡ የአባታችንን ስም፣ የትውልድ አካባቢያችንንና የሥራ መደባችንን እንናገራለን፡፡ ጠያቂውም አወቅኩት ብሎ ይረካል፡፡ ነገር ግን ልብ ብለን ካየነው ከሦስቱ መልሶች ሁለቱን እኛ አልመረጥናቸውም፡፡ ሦስተኛውንም ቢሆን ስንቶቻችን እንደመረጥነው ያጠያይቃል፡፡

እስቲ በሠላሳዎቹ አጋማሽ ላይ የሚገኝ አንድ የሒሳብ ባለሙያ በዓይነ ኅሊናችን እንመልከት፡፡ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ሲል የትምህርት ምርጫውን ቅጽ የሞላው አጎቱ አጠገቡ ተቀምጠው ነው፡፡ የእሱ ልብ ወደ ሥዕል ያደላ ነበር፤ ‹‹ሥዕል እንጀራ አይሆንም›› ተባለ፤ እሱም ነገሩን ተወው፡፡ ተመረቀ፣ ተቀጠረ፣ ዕድገት አገኘ፡፡ ቤተሰቡ ይኮራበታል፤ በሰፈሩ ‹‹የባንኩ ሰው›› እየተባለ ይጠራል፡፡ ከዕለታት አንድ ቀን መሥሪያ ቤቱ መዋቅሩን ሲለውጥ ከሥራው ተቀነሰ፡፡ ይህ ሰው ያጣው ደመወዙን ብቻ አይደለም፡፡ በዕድር ስብሰባ ላይ ‹‹አሁን የት ነህ?›› እንዳይሉት ከሰው መሸሽ ጀመረ፡፡ ‹‹እኔ ማን ነኝ?›› የሚለው ጥያቄ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ያልመጣበት ሰው በሠላሳ አምስት ዓመቱ ያለ ቀጠሮ መጣበት፡፡

ስሙን ለራሱ ያወጣው ምሁር

‹‹የማንነት ቀውስ›› የሚለውን አባባል ዛሬ በየስብሰባውና በየጋዜጣው እናገኘዋለን፡፡ አባባሉን በሥነ ልቦና ትምህርት ውስጥ አስገብቶ ያስፋፋው ኤሪክ ኤሪክሰን ነው፡፡ ኤሪክሰን ጉዳዩን መጀመሪያ ያወቀው ከመጻሕፍት ሳይሆን ከራሱ ሕይወት ነበር፡፡

የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1902 በጀርመን አገር ፍራንክፈርት ከተማ ነው፡፡ እናቱ ከዴንማርክ የመጣች አይሁዳዊት ስትሆን፣ ወላጅ አባቱ ማን እንደሆነ ግን ዕድሜውን ሙሉ ሳያውቅ ኖሯል፡፡ እናቱ በኋላ ቴዎዶር ሆምበርገር የተባለ የሕፃናት ሐኪም አገባች፤ ልጁም አባቱ እኚሁ ሐኪም እንደሆኑ እየተነገረው አደገ፡፡ ቁመቱ ረዘም ያለ፣ ፀጉሩ ወርቃማ፣ ዓይኑም ሰማያዊ ስለነበር በምኩራብ የሚያገኛቸው ልጆች ‹‹አሕዛብ›› ይሉት ነበር፡፡ ትምህርት ቤት ሲሄድ ደግሞ ጀርመናውያኑ ልጆች ‹‹አይሁድ›› ይሉታል፡፡ በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት ተቃራኒ ታፔላ ይለጠፍበታል ማለት ነው፤ ሁለቱም ቦታ ባዕድ ነበር፡፡

ወጣት ሳለ ሠዓሊ ለመሆን አስቦ በአውሮፓ ሲንከራተት ቆየ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1927 ቪየና ገብቶ በአንድ አነስተኛ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመረ፤ ከአና ፍሮይድ ዘንድም የሥነ ልቦና ሕክምና ተማረ፡፡ ሒትለር ሥልጣን በያዘበት በ1933 ከቤተሰቡ ጋር ወደ አሜሪካ ተሰደደ፡፡ በ1939 የአሜሪካ ዜግነት ሲያገኝ የእንጀራ አባቱን ስም ወደ መካከል አዛውሮ ‹‹ኤሪክሰን›› የሚል ስም ለራሱ አወጣ፡፡ ትርጉሙ ‹‹የኤሪክ ልጅ›› ነው፡፡ ከስማችን ቀጥሎ የአባታችንን ስም ለምንጠራ ለእኛ ነገሩ በቀላሉ ይገባናል፡፡ ‹‹የማን ልጅ ነህ?›› ለሚለው ጥያቄ ‹‹የራሴ›› ብሎ እንደመመለስ ነው፡፡ ይኸው ሰው የመጀመሪያ ዲግሪ እንኳን ሳይኖረው በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር እስከመሆን ደርሷል፡፡

ሆኖም ስሙን መለወጡ ከሰዎች ትችት አላዳነውም፡፡ በ1975 ማርሻል በርማን የተባለ አሜሪካዊ ጸሐፊ ‹‹አይሁዳዊነቱን ደብቋል›› ሲል በአደባባይ ነቅፎታል፡፡ ራሳችን የመረጥነው ስምም ቢሆን ሌሎች የሚተረጉሙት በራሳቸው መንገድ ነው፡፡

ተመሳሳይ ታሪክ በእኛም ዘንድ አለ፡፡ ቤተ እስራኤላውያን ኢትዮጵያ ውስጥ ሳሉ ‹‹ፈላሻ›› እየተባሉ ይጠሩ ነበር፤ እነሱ የማይወዱት፣ የባዕድነት ትርጉም ያዘለ ስም ነው፡፡ በ1984 እና በ1991 በተካሄዱት ታላላቅ የማጓጓዝ ዘመቻዎች ወደ እስራኤል ከተወሰዱ በኋላ ደግሞ ‹‹ኢትዮጵያውያን›› ተባሉ፡፡ ለብዙዎቹም እዚያ ሲደርሱ በዕብራይስጥ አዲስ ስም ተሰጣቸው፡፡ ኤሪክሰን ስሙን ለራሱ ሲያወጣ ለእነሱ ያወጣላቸው ሌላ ሰው ነበር፡፡ ከልጆቻቸው መካከል ካደጉ በኋላ ወደ አማርኛ ስማቸው የተመለሱ መኖራቸው የሚያስገርም አይደለም፡፡

አራት ዓይነት መልሶች

እንደ ኤሪክሰን አስተሳሰብ ማንነት ሁለት እግር አለው፡፡ አንደኛው፣ ጊዜና ቦታ ቢለዋወጥም እኔ ያው እኔ ነኝ የሚል ውስጣዊ ስሜት ነው፡፡ ሁለተኛው፣ ሌሎችም እንደዚያው አድርገው ሲያውቁን የሚገኝ ዕውቅና ነው፡፡ ስለዚህ ከኅብረተሰቡ ሙሉ በሙሉ ተነጥሎ የሚገኝ ማንነት የለም፡፡ ቀውስ ሲልም በሽታ ማለቱ አይደለም፤ ሰው ወደ አንዱ አቅጣጫ መታጠፍ ያለበት መስቀለኛ መንገድ ማለቱ ነው፡፡

ጄምስ ማርሲያ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1966 ይህን ሐሳብ ወደ ጥናት ለወጠው፡፡ የኮሌጅ ወንዶች ተማሪዎችን ስለ ሥራ፣ ስለ ሃይማኖትና ስለ ፖለቲካ አመለካከታቸው ጠየቃቸው፡፡ የፈለገው ምን እንደሚያምኑ ለማወቅ ሳይሆን ወደዚያ እምነት እንዴት እንደደረሱ ለመረዳት ነበር፡፡ መመዘኛዎቹ ሁለት ናቸው፡፡ ሰውየው አማራጮችን መርምሯል ወይ? ደግሞስ በአንዱ ጸንቷል ወይ?

ከዚህ በመነሣት አራት ዓይነት ሁኔታዎችን ለየ፡፡ ያልመረመረም ያልጸናም አለ፤ ነፋስ ወደነፈሰበት ይሄዳል፡፡ በመመርመር ላይ ያለ፣ ገና ያልወሰነም አለ፤ ይህ ጊዜ ጭንቀት ይበዛበታል፡፡ መርምሮ የጸና አለ፡፡ አራተኛው ሳይመረምር የጸናው ነው፡፡ የወላጆቹን ወይም የአካባቢውን መልስ እንዳለ ተረክቦ በሩን ዘግቷል፡፡

የሚያሳስበው ይህ አራተኛው ነው፤ ምክንያቱም ከውጭ ሲታይ መርምሮ ከጸናው ጋር አንድ ይመስላል፡፡ ሁለቱም ‹‹እኔ እንዲህ ነኝ›› ሲሉ አያመነቱም፡፡ ወላጅም አለቃም እንዲህ ያለውን ሰው ይወደዋል፡፡ ልዩነቱ የሚታየው ፈተና ሲመጣ ነው፡፡ በማርሲያ ጥናት ሳይመረምሩ የጸኑት ለባለሥልጣን የመገዛት ዝንባሌያቸው ከሌሎቹ ከፍ ያለ ነበር፡፡ በተሰጣቸው የሙከራ ሥራ ላይ ሲወድቁም የማይደረስበት ግብ ይዘው የመቀጠል ጠባይ አሳይተዋል፡፡ ቀደም ሲል ያነሳነው የሒሳብ ባለሙያም ከዚህ ወገን ነው፡፡ ሰነፍ ስለነበረ አይደለም የተናጋው፤ የቆመበትን መሠረት አንድም ቀን ጎንበስ ብሎ ስላላየው ነው፡፡

ታፔላ ለምን ይጣበቃል?

ለሌሎች ታፔላ የምንለጥፈው ክፉዎች ስለሆንን ብቻ ነው? ሄንሪ ታጅፈልን ይህ ጥያቄ አላስተኛውም ነበር፡፡ ታጅፈል የፖላንድ አይሁዳዊ ሲሆን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፈረንሳይ ሠራዊት ውስጥ ሲዋጋ በጀርመኖች ተማረከ፡፡ ፖላንዳዊነቱን ደብቆ እንደ ፈረንሳዊ በመቆጠሩ ከሞት ተረፈ፤ ሲመለስ ግን አብዛኞቹ ቤተሰቦቹ አልቀዋል፡፡ አንድ ታፔላ በሕይወትና በሞት መካከል እንዴት እንደሚቆም በዓይኑ አይቷል፡፡

ከዓመታት በኋላ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ በእንግሊዝ ብሪስቶል ከተማ ተማሪዎችን ሰብስቦ በሁለት ቡድን ከፈላቸው፡፡ የተነገራቸው ምክንያት የክሌን ወይም የካንዲንስኪን ሥዕሎች የመውደድ ልዩነት የሚል ነበር፤ እንደ እውነቱ ከሆነ ግን ክፍፍሉ በዕጣ የተደረገ ነው፡፡ ልጆቹ በቡድናቸው ውስጥ ማን እንዳለ አያውቁም፤ ለራሳቸውም የሚያገኙት ጥቅም የለም፡፡ ያም ሆኖ ገንዘብ ሲያከፋፍሉ ለራሳቸው ቡድን አደሉ፡፡ ያለፈ ታሪክ፣ ቂም፣ የመሬት ጥያቄ በሌለበት እንዲህ ከሆነ፣ ይህ ሁሉ ባለበት ቦታ ምን ሊሆን እንደሚችል ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም፡፡ ‹‹እነሱ›› ለማለት የሚያስፈልገን በጣም ጥቂት ነገር ነው፡፡

ይሉኝታን ምን እናድርገው?

በከተማችን የተማረው ሰው ከሁሉ የሚከብደው ጫና ስም አለው፤ ይሉኝታ፡፡ ቃሉ ራሱ ‹‹ይሉኛል›› ከሚለው የወጣ ነው፡፡ ተበድረን የምንደግሰው ሠርግ፣ ሳንወደው የምንማረው ትምህርት፣ ‹‹ጎረቤት ምን ይላል›› ተብሎ የሚቀር ትዳር ሁሉ የእሱ ሥራ ነው፡፡ በሌላ በኩል ግን ‹‹ይሉኝታ ቢስ›› የሚለው ከስድብ የሚቆጠረው ያለ ነገር አይደለም፡፡ የታመመን የምንጠይቀው፣ የሞተን የምንቀብረው፣ የዕቁብ ገንዘብ ይዘን የማንጠፋው በከፊል በይሉኝታ ነው፡፡ ‹‹ስም ከመቃብር በላይ ይውላል›› ያሉ አባቶች የሰው ዓይን ሰውን እንደሚያርም ያውቁ ነበር፡፡

እንግዲህ መፍትሔው ይሉኝታን መጣል ወይም ታፔላን ሁሉ መገንጠል አይደለም፡፡ ‹‹እውነተኛው እኔ›› የሚባል፣ ቤተሰብ፣ ቋንቋ፣ እምነትና ሙያ ከተገፈፈ በኋላ እንደ ሽንኩርት እምብርት የሚገኝ ነገር ያለም አይመስልም፡፡ የሚሻለው የተሰጠንን አንድ በአንድ አንስቶ ማየት ነው፡፡ ይህን ሥራ ማንም ባያየኝ እሠራው ነበር? ይህን አቋም የያዝኩት አስቤበት ነው ወይስ ወገኖቼ ስለያዙት? ማዕረጌ ነገ ቢወሰድ ምን ይቀረኛል? አንዳንዱን መርምረን እንተወዋለን፡፡ አብዛኛውን ደግሞ መርምረን እናቆየዋለን፤ ያን ጊዜ ግን ውርስ መሆኑ ቀርቶ የራሳችን ይሆናል፡፡ ዘመዶቻችንን ማስቀየምም የግድ አይደለም፤ ‹‹አጎቴ፣ ምክርዎን ሰምቻለሁ፣ አስቤበት ግን እንዲህ ወስኛለሁ›› ማለት ክብርንም ነፃነትንም ይጠብቃል፡፡

ወላጆችም አንድ ነገር ማድረግ ይችላሉ፡፡ ልጅ ‹‹ገና አላወቅኩም›› ሲል የስንፍና ምልክት አድርገው ባይወስዱት ጥሩ ነው፡፡ የፍለጋው ጊዜ በአሥራ ስምንት ዓመት ቢነፈገው በሠላሳ አምስት፣ ወይም ጡረታ በወጣ ማግስት፣ በብዙ ዋጋ ይጠየቃል፡፡

በሚቀጥለው ጊዜ ለቅሶ ቤት ‹‹የማን ልጅ ነህ?›› ስንባል የአባታችንን ስም በኩራት እንናገር፡፡ ወደ ቤታችን ስንመለስ ግን ጥያቄውን አንድ ጊዜ ለራሳችን እንድገመው፡፡