«አራት» እና «አፉር» ዘመዳሞች ናቸውን?

በሰበታ፣ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ ገበያ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው የአማርኛውን «አራት» እና የአፋን ኦሮሞውን «አፉር» በአንድ ጉሊት ሊሰማ ይችላል። ሁለቱም በ«አ» ይጀምራሉ፤ ሁለቱም «ር» አላቸው። ቋንቋዎቹም በአፍሮ-እስያ ቤተሰብ ውስጥ የሩቅ ዘመዳሞች ናቸው። ታዲያ ቃሉን ከአንድ ምንጭ ወርሰውት ይሆን?

ለዚህ ጆሮን ማመን አይበቃም፤ የቃሉን የቆየ መልክ መፈለግ ያሻል። «አራት» በግዕዝ «አርባዕቱ» ነው፤ በዐረብኛ «አርበዓ»፣ በዕብራይስጥ «አርባዕ»። ሥሩ ረ-በ-ዐ መሆኑ ነው። አማርኛ «ብ»ን ከ4 ላይ ቢጥላትም በ40 ላይ፣ ማለትም በ«አርባ»፣ አቆይቷታል። (ከ«ሦስት» የጠፋችው «ል»ም በ«ሠላሳ» ውስጥ ትገኛለች፤ ግዕዙ «ሠለስቱ» ነውና።)

አፋን ኦሮሞ ግን 40ን «አፉርተማ» ይላል፤ «ፍ» ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ሶማሊኛም 4ን «አፈር» ይለዋል፤ ከምንረግጠው አፈር ጋር ግንኙነት የለውም። «ብ» እና «ፍ» በከንፈር የሚነገሩ ተቀራራቢ ድምፆች አይደሉምን? የሚል አንባቢ ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም በአንደኛው ቃል የከንፈሩ ድምፅ ከ«ር» በኋላ፣ በሌላው ከ«ር» በፊት ይመጣል።

ይበልጥ የሚያሳምነው ሌላ ዝምድና ነው። የቋንቋ ሊቃውንት «አፉር»ን ከሐውሳው «ሁዱ» እና በጥንታዊ ግብፃውያን ጽሑፍ ፈ-ደ-ወ ተብሎ ከተጻፈው የ4 መጠሪያ ጋር ያያይዙታል። ግምታቸው ትክክል ከሆነ፣ ጆሯችንን ያሳሳተችው የ«አፉር» «ር» በጥንት ዘመን «ድ»ን የምትመስል ድምፅ ነበረች።